ወደ እንግሊሽ ሃርበር በሸራ ጀልባ ለመግባት፦ የአንቲጓን የባሕር ሙላት፣ ነፋስና ሞገድ አመዛዝኖ የመጓዝ መመሪያ

እንግሊሽ ሃርበር በምሥራቃዊ ካሪቢያን በአንቲጓ ደሴት ደቡባዊ ጠረፍ፣ በ17 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ የሚገኝ ጠባብና ጥምዝማዛ ወደብ ነው። በመስከረም 1723 እ.ኤ.አ. አንድ ሃሪኬን በደሴቲቱ ሌሎች ወደቦች የነበሩ 35 መርከቦችን ወደ የብስ ሲጥል፣ እዚህ የታሰሩት ሁለት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ምንም ሳይነካቸው ቀሩ፤ የብሪታንያ ባሕር ኃይልም ከ1725 ጀምሮ የመርከብ መጠገኛውን ገነባበት። ግንባታው የቆመው በባርነት በተያዙ አፍሪካውያን ጉልበት ነው፤ ዩኔስኮም በ2016 ስፍራውን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ይህንኑ በግልጽ አስፍሯል። ዛሬ ኔልሰንስ ዶክያርድ ተብሎ የሚጠራው ይኸው መጠገኛ የሸራ ጀልባዎች ማረፊያ ሆኖ ያገለግላል።

ይህ መመሪያ በሸራ ጀልባ ላይ ጥቂት ልምድ ኖሮት፣ ጀልባ ተከራይቶ ወይም በረዳትነት ተቀጥሮ ወደዚህ ወደብ ለሚጓዝ ሰው የተጻፈ ነው። ከሰሜን አውሮፓ ወይም ከሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ የመጣ ባሕረተኛ በመጀመሪያ የሚጠይቀው “ውሃው በስንት ሰዓት ይሞላል?” ብሎ ነው፤ በእንግሊሽ ሃርበር ግን ይህ ጥያቄ ወደ ኋላ ይመለሳል። እዚህ ጉዞውን የሚወስኑት ነፋሱ፣ ከሩቅ የሚመጣው ሞገድና የፀሐይ ብርሃን ናቸው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አዲስ የባሕር ካርታን የሚተካ ሳይሆን ካርታውን ይዞ የሚነበብ ነው።

አንደኛ፦ ሙላትና ጉድለቱን በልኩ ያስቀምጡ

የሙላት ሰንጠረዡን ከፍተው መጠኑን ይመልከቱ። በአንቲጓ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው የውሃ ከፍታ ልዩነት 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከጨረቃ አቀማመጥ ጋር ትንሽ ከፍና ዝቅ ይላል። በፈረንሳይዋ ሴን ማሎ ወደብ ይኸው ልዩነት 12 ሜትር ገደማ እንደሚደርስ ሲያስቡት፣ የእንግሊሽ ሃርበሩ ከአንድ ስንዝር ብዙም አያልፍም። ምክንያቱ የካሪቢያን ባሕር ቅርጽ ነው። በጨረቃ ስበት የሚነሣውና በቀን ሁለት ጊዜ የሚመላለሰው የውሃ ሙላት፣ ከፖርቶ ሪኮ በስተደቡብ ባለ አንድ ነጥብ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ በነጥቡ ላይ ውሃው በዚህ ስበት የተነሣ ከፍም ዝቅም አይልም ለማለት ይቻላል፣ በአካባቢውም ልዩነቱ እጅግ ትንሽ ነው። በዚህም የተነሣ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣው ሌላው ሙላት ጎልቶ ይወጣል፤ አንዳንድ ቀን እኩል ያልሆኑ ሁለት ሙላቶች፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ አንድ ብቻ የሚመስል ሙላት ያያሉ። ውሃው በየሰዓቱ ስንት እንደሚጨምር ለመገመት በሌሎች ባሕሮች የሚሠራበት፣ ልዩነቱን ለ12 የሚያካፍለው ቀላል ስሌት እዚህ አያስተማምንም፤ የሚያተርፈውም ጥቂት ሴንቲ ሜትር ስለሆነ አይድከሙበት።

ሰንጠረዡን ሲያነቡ ሰዓቱን በጥንቃቄ ይለውጡ። አንቲጓ ዓመቱን ሙሉ ከግሪንዊች ሰዓት በ4 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ በአንቲጓ 12፡00 ሲሆን በአዲስ አበባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ሰንጠረዡ በግሪንዊች ሰዓት የተዘጋጀ ከሆነ 4 ይቀንሱ። ከጀልባው ሰዎች ጋር በአማርኛ የሚነጋገሩ ከሆነ ደግሞ በመዝገቡ ላይ አንድ አቆጣጠር ብቻ ይጠቀሙ፤ “3 ሰዓት ላይ እንነሣ” ሲባል አንዱ 09፡00 ሌላው 03፡00 ብሎ ቢረዳው፣ የሚጠፋው ስድስት ሰዓት ከሙላቱ ልዩነት ሁሉ የከፋ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሰዓቱን በ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ በአንቲጓ ጊዜ አስቀምጫለሁ።

ቀጥሎ ጥልቀቱን ያስሉ። ጀልባዋ ከውሃ በታች 2 ሜትር ትጠልቃለች፣ በካርታው ላይ የተጻፈው የቦታው ጥልቀትም 2.3 ሜትር ነው እንበል። በጉድለት ጊዜ የሚቀርዎት 30 ሴንቲ ሜትር፣ በሙላት ጊዜ ደግሞ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ይሁንና ከፍታው 1 ሜትር የሆነ ሞገድ፣ በሁለት ሞገዶች መካከል ያለው ዝቅታ ሲደርስ ጀልባዋን ግማሽ ሜትር ወደ ታች ያወርዳታል። ሙላቱን ጠብቀው ያገኙት ትርፍ በአንድ ሞገድ ተበላ ማለት ነው። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው፦ በካርታው ጥልቀት መሠረት ከጀልባዋ በታች ቢያንስ 1 ሜትር ውሃ በማያገኙበት ቦታ አይለፉ፣ ሙላቱንም ለማለፊያ ምክንያት አያድርጉት።

የዚህ ደንብ ሌላው ገጽታ ጀልባዋ መሬት በነካች ጊዜ ይታያል። ሙላቱ ብዙ በሆነበት አገር በጉድለት ጊዜ የተቀመጠች ጀልባ ከስድስት ሰዓት በኋላ ውሃው ራሱ ያነሣታል፤ በአንቲጓ ግን የሚያነሣት የለም። ወዲያውኑ ሸራውን ያውርዱ፣ በመጡበት አቅጣጫ በሞተር ወደ ኋላ ይሞክሩ፤ ካልሆነ መልሕቅ በትንሿ ጀልባ ወደ ጥልቁ ውሃ ወስደው ይጣሉና ገመዱን ወደ ጀልባዋ ይጠቅልሉ። ሰዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ቢቀመጡ ጀልባዋ ዘንበል ስለምትል የምትጠልቅበት ልክ ይቀንሳል።

የዶክያርዱ ታሪክም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ውሃው ስለማይጎድል የመርከብን ሆድ በጉድለት ጊዜ ደርቆ ለማየት አይቻልም ነበር፤ ስለዚህ መርከቧን ከመድረኩ አጠገብ አስጠግተው፣ ከምሰሶዎቿ ጫፍ በተሳቡ ገመዶች በጎኗ ያጋድሟት ነበር። ገመዶቹን በሰው ጉልበት እየተሽከረከሩ ይጠቀልሉ የነበሩት ግዙፍ መዘውሮች ዛሬም በመድረኩ ላይ ይታያሉ፤ ሲያልፉ ቆም ብለው ይመልከቷቸው።

ሁለተኛ፦ ወራቱንና የአየር ግፊቱን ይከታተሉ

ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ከምሥራቅ በኩል ይነፍሳል፤ የንግድ ነፋስ የሚባለው ይህ ነው። ኃይሉ የሚለካው በኖት ሲሆን 1 ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ከታኅሣሥ እስከ ጥር የገና ነፋስ የሚባለው ሲነሣ ከ25 እስከ 30 ኖት ለቀናት ሊቆይ፣ አቅጣጫውም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሊያዘነብል ይችላል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ከ15 እስከ 20 ኖት የሚሆን የተረጋጋ ነፋስ ያገኛሉ፤ ታላቁ የአንቲጓ የሸራ ጀልባ ውድድር ሳምንት ለብዙ ዓመታት በሚያዝያ መጨረሻ አካባቢ ሲደረግ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው መጋቢትን ወይም ሚያዝያን ቢመርጥ ጥሩ ነው እላለሁ።

የሃሪኬን ወቅት ከሰኔ 1 እስከ ኅዳር 30 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 ነው። ሉዊስ በ1995፣ ኢርማ በ2017 ያደረሱት ጥፋት በአንቲጓና ባርቡዳ ሕዝብ ዘንድ ዛሬም ይነገራል። በዚህ ወቅት ማያሚ የሚገኘውን የአሜሪካ ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል ትንበያና የአንቲጓና ባርቡዳን የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት መግለጫ በየቀኑ መከታተል ግዴታ ነው። በዚሁ የሃሪኬን ወቅት በየሦስትና በየአራት ቀኑ ከምሥራቅ የሚደርሱት የዝናብና የድንገተኛ ነፋስ ማዕበሎች መነሻቸው አፍሪካ ነው፤ ብዙዎቹ ከሱዳን ዳርፉር ተራሮችና ከኢትዮጵያ ደጋ ምዕራባዊ ክፍል አቅራቢያ ተወልደው፣ ሳህልንና አትላንቲክን አቋርጠው ይመጣሉ። ለእኛ የክረምት ዝናብ የሚያመጣው ደመና የሩቅ ዘመድ፣ እዚያ ሸራ አስወራጅ ነው። ከሰሃራ የሚነሣው አቧራም በእነዚሁ ወራት ሰማዩን ስለሚያጨልም ደሴቶቹ ከወትሮው በጣም ቀርበው ካልሆነ አይታዩም።

በጀልባዋ ላይ ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) ካለ አጠቃቀሙን ይማሩ። በሞቃታማው ዞን የአየር ግፊት ራሱ እንደ ባሕር ሙላት በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከፍ የሚለው 10፡00 እና 22፡00 አካባቢ፣ ዝቅ የሚለው ደግሞ 04፡00 እና 16፡00 አካባቢ ነው፤ ልዩነቱም ወደ 3 ሄክቶፓስካል ገደማ ነው። ከሰዓት በኋላ መርፌው ዝቅ ስላለ አይደንግጡ። የዛሬውን 16፡00 ከትናንቱ 16፡00 ጋር ያነጻጽሩ፤ ከ3 ሄክቶፓስካል በላይ ቀንሶ ካገኙት ግን ከወደብ አይውጡ። ግፊቱ በ1 ሄክቶፓስካል ሲቀንስ ባሕሩ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ስለሚል፣ አንድ ጠንካራ ማዕበል በግፊቱ ብቻ ከመደበኛው ሙላት የበለጠ ውሃ ሊያነሣ ይችላል፤ ነፋሱ ገፍቶ የሚከምረው ሲታከልበት ሰንጠረዡ ትርጉም ያጣል።

ሦስተኛ፦ የመሻገሪያውን ቀን ይምረጡና አቅጣጫውን ያስሉ

አብዛኛው ሰው ወደ እንግሊሽ ሃርበር የሚመጣው ከጓዴሎፕ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ከዴሼ መንደር ተነሥቶ ነው። ርቀቱ 42 የባሕር ማይል (አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር) ያህል ሲሆን፣ በ6 ኖት ለሚጓዝ ጀልባ 7 ሰዓት ይፈጃል። 06፡00 ላይ ቢነሡ 13፡00 ይደርሳሉ፤ ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላ ስለምትገኝ የውሃውን ቀለም ለማየት ይመቻል። ዘግይቶ መነሣት ትልቁ ስሕተት ነው፤ በዚህ ኬክሮስ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል።

ትክክለኛው አቅጣጫ ወደ ሰሜን፣ 3 ዲግሪ ገደማ ነው። ነገር ግን በዚህ መተላለፊያ ውስጥ ከአትላንቲክ ወደ ካሪቢያን የሚገባው የውቅያኖስ ጅረት ከግማሽ እስከ አንድ ኖት በሚሆን ፍጥነት ወደ ምዕራብ ይገፋል። መካከለኛውን 0.75 ብንወስድ በ7 ሰዓት ውስጥ 5 ማይል ያህል ወደ ምዕራብ ይወስድዎታል፤ አፍንጫዎን በቀጥታ ወደ ወደቡ አድርገው ከተጓዙ የሚደርሱት ወደቡ ጋ ሳይሆን ኬድስ ሪፍ የተባለው የኮራል ድንጋይ ወዳለበት የደቡብ ምዕራቡ ጠረፍ አቅጣጫ ነው። ለማስተካከል በ6 ኖት ፍጥነት 7 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ይጨምሩ፤ ነፋሱ ጀልባዋን በጎን ለሚያንሸራትታት ደግሞ 5 ዲግሪ ይጨምሩ። አሁን 15 ዲግሪ ሆነ። የኮምፓስ መርፌ በዚህ አካባቢ ከእውነተኛው ሰሜን ወደ 15 ዲግሪ ገደማ ወደ ምዕራብ ስለሚያዘነብል፣ ትክክለኛውን መጠን ከካርታው ላይ አረጋግጠው ይህንንም ሲደምሩ በኮምፓስ የሚይዙት 30 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ጂ.ፒ.ኤስ. ይህን ሁሉ በራሱ ያሳያል፤ ቢሆንም ስሌቱን አንድ ጊዜ በእጅ የሠራ ሰው መሣሪያው ሲጠፋ አይጠፋም። በጉዞው ሁሉ ከመስመሩ በስተምሥራቅ መቆየትን ይምረጡ፤ ወደ ምዕራብ የወደቀ ሰው ነፋሱንና ጅረቱን ሁለቱንም ተቃውሞ መመለስ አለበት።

ቀኑን ለመምረጥ የነፋሱን አቅጣጫ ከኃይሉ እኩል ይመዝኑት። ነፋሱ ከምሥራቅ ወይም ከደቡብ ምሥራቅ ከሆነ ጉዞው ፈጣንና ምቹ ነው። ከሰሜን ምሥራቅ ከሆነ ግን ጀልባዋ እስከምትችለው ድረስ ወደ ነፋሱ ተጠግታ፣ እያንዳንዱን ሞገድ በአፍንጫዋ እየመታች መሄዷ አይቀርም፤ እንዲህ ያለውን ቀን በዴሼ ዓሣ እየበሉ ማሳለፍ ይሻላል። የሞገዱን ከፍታ ብቻ አይመልከቱ፤ በሁለት ሞገዶች መካከል ያለውንም ጊዜ ይመልከቱ። በየ10 ሰከንዱ የሚመጣ የ2 ሜትር ሞገድ ቀስ ብሎ አንሥቶ ያስቀምጣል፤ በየ6 ሰከንዱ የሚመጣው የ2 ሜትር ሞገድ ግን ሆድ ያናውጣል፣ ዕቃ ይሰብራል።

አንድ ነገር በተለይ ይታሰብ። የጓዴሎፕ ተራሮች፣ ከፍተኛው 1,467 ሜትር የሚደርሰውን የሱፍሪየር እሳተ ገሞራ ጨምሮ፣ ነፋሱን ስለሚከልሉት በዴሼ ባሕሩ የተኛ ይመስላል። የደሴቲቱን ሰሜናዊ ጫፍ ባለፉ በደቂቃዎች ውስጥ ሙሉው ነፋስ ይመታዎታል። ዋናውን ሸራ ማሳነስ ያለብዎት ከመልሕቅ ሳይነሡ ነው። ሸራ ማስፋት በማንኛውም ጊዜ ቀላል ነው፤ በሚናወጥ ባሕር ላይ ማሳነስ ግን ሰው ከጀልባ ይጥላል።

ከ2011 ወዲህ ሳርጋሰም የተባለው ተንሳፋፊ የባሕር ሣር በተለይ ከግንቦት እስከ ነሐሴ በብዛት ይመጣል። ቡናማ ምንጣፍ መስሎ ሲታይ በመካከሉ አይሂዱ፤ የሞተሩን የማቀዝቀዣ ውሃ መግቢያ ይደፍናል።

አራተኛ፦ መግቢያውን ለይተው ይግቡ

መግቢያው ከባሕር ሲታይ እስኪቀርቡ ድረስ ተደብቆ ነው የሚቆየው፤ የጥንት የጦር መርከበኞችም የወደዱት ይህንኑ ነው። ከሩቅ የሚታየው በስተምሥራቅ ያለው የሸርሊ ሃይትስ ኮረብታና በላዩ ያለው የቀድሞ ወታደራዊ ሰፈር ፍርስራሽ ነው። ቀረብ ሲሉ ከመግቢያው በስተምሥራቅ ባለው ገደል ሥር፣ ሞገድና ነፋስ የጠረባቸውን የሄርኩለስ ዐምዶች የሚባሉ የድንጋይ ቋሚዎች ያያሉ። በምዕራቡ በኩል ደግሞ ወደ ውሃው በወጣው ምላስ መሬት ላይ የፎርት በርክሌይ ግንብ ይታያል።

ሸራውን ከመግቢያው ውጭ፣ ሰፊ ውሃ እያለ ያውርዱና በሞተር ይግቡ። ሞገዱ ከገደሉ ጋር ተላትሞ ስለሚመለስ በመግቢያው አፍ ላይ ውሃው ያለ ሥርዓት ይናወጣል፤ በዚህ ስፍራ የነዳጅ ቆሻሻ ተናውጦ ሞተር ሊያጠፋ ስለሚችል መልሕቁ ለመጣል ተዘጋጅቶ ይቆይ። ፎርት በርክሌይን በግራ፣ የሻርሎት ፖይንትን ጥልቀት የሌለው ጫፍ በቀኝ አድርገው በመካከሉ ይሂዱ። በካሪቢያን እንደ መላው አሜሪካ ሁሉ ከባሕር ሲገቡ ቀይ ምልክት በቀኝ፣ አረንጓዴ በግራ ነው፤ በአውሮፓና በአፍሪካ ካለው ተቃራኒ ስለሆነ የለመደ ሰው ይሳሳታል። አንድ ሰው ከፊት ቆሞ የውሃውን ቀለም ይናገር፦ ጥቁር ሰማያዊ ጥልቅ ነው፣ ነጣ ያለ አረንጓዴ አሸዋ ያለበት ጥልቀት የሌለው ነው፣ ቡናማው ኮራል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በጨለማ አይግቡ፤ ከመሸ ወደ ባሕር ርቀው እስኪነጋ ይቆዩ።

አምስተኛ፦ ማረፊያ ይያዙ

እንደገቡ በቀኝ በኩል የሚያገኙት ፍሪማንስ ቤይ ነው። ኮረብቶቹ ነፋሱን ስለሚያዞሩት ጀልባዎቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አይዞሩም፤ አንዱ ወደ ሰሜን ሌላው ወደ ደቡብ አፍንጫውን አዙሮ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ከጎረቤትዎ ጋር የሚኖረው ርቀት ከሌላው ቦታ የበለጠ ይሁን። የሰንሰለቱን ርዝመት እንዲህ ያስሉ፦ ጥልቀቱ 4 ሜትር፣ የጀልባዋ አፍንጫ ከውሃ በላይ 1 ሜትር፣ ለሙላት 40 ሴንቲ ሜትር፣ በድምሩ 5.4 ሜትር፤ በ5 ሲባዛ 27 ሜትር። መልሕቁን በሣር ላይ ሳይሆን ነጣ ባለው አሸዋ ላይ ይጣሉ፣ ከዚያም በሞተር ወደ ኋላ ስበው መንከሱን ያረጋግጡ። የሚቻል ከሆነ ጠልቀው በዓይንዎ ይዩት።

በዶክያርዱ መድረክ ላይ ለመታሰር ከፈለጉ የኋላዋን ጫፍ ወደ መድረኩ አድርገው፣ መልሕቁን ከፊት ጥለው ነው። የወደቡ ወለል በጥንት ጊዜ የተዘረጋ ከባድ የሃሪኬን ሰንሰለት ያለበት በመሆኑ መልሕቅዎ ሊያዝ ይችላል፤ በመልሕቁ ራስ ላይ ቀጭን ገመድና ተንሳፋፊ አስረው ይጣሉት፣ ወይም የት እንደሚጥሉ በቪ.ኤች.ኤፍ. ራዲዮ አስቀድመው የዶክያርዱን ሠራተኞች ይጠይቁ።

ስድስተኛ፦ ወረቀቱን ይጨርሱ

ቢጫውን ባንዲራ ሰቅለው ይግቡ፤ እስኪፈቀድ ድረስ ካፒቴኑ ብቻ ወደ የብስ ይወርዳል። የሁሉንም ሰው ፓስፖርት፣ የጀልባዋን ሰነዶችና ከመጨረሻው ወደብ የወጡበትን ፈቃድ ይዞ በዶክያርዱ ውስጥ ወዳሉት የጉምሩክ፣ የኢሚግሬሽንና የወደብ ቢሮዎች ይሄዳል። ከተፈቀደ በኋላ ቢጫው ወርዶ የአንቲጓና ባርቡዳ ባንዲራ ይሰቀላል። የአገሩ ገንዘብ የምሥራቅ ካሪቢያን ዶላር ሲሆን፣ 2.70ው በ1 የአሜሪካ ዶላር ነው።

ሰባተኛ፦ ከታሰሩም በኋላ ባሕሩን ይከታተሉ

ወደቡ ወደ ደቡብ የተከፈተ ነው። በቀዝቃዛዎቹ ወራት፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት፣ ከሰሜን አትላንቲክ የሚመጣው የሩቅ ሞገድ የሰሜኑንና የምዕራቡን ጠረፍ እንጂ እንግሊሽ ሃርበርን ብዙም አያስቸግርም፤ የሚያሳስበው ከደቡብና ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው ነው። ነፋስ በሌለበት ሌሊት ጀልባዋ በፍሪማንስ ቤይ በጎንና በጎን መንገዳገድ ከጀመረች፣ ከደሴቲቱ በስተደቡብ የሚያልፍ ማዕበል አለ ብለው ይጠርጥሩና ወዲያውኑ ትንበያውን ያንብቡ። ሞገዱ እያደገ ከሆነ ሲነጋ ወደ ውስጠኛው ታንክ ቤይ ይግቡ፤ ቦታ ከሌለ በስተምዕራብ ወዳለው ሰፊው ፎልማውዝ ሃርበር ይዙሩ፤ በመግቢያው ምሥራቃዊ ጎን ካለው፣ ቢሾፕ ሾል ከተባለው ጥልቀት የሌለው ስፍራ ግን በቂ ርቀት ይጠብቁ። ለመዛወር የሙላቱን ሰዓት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ብርሃን መኖሩን ብቻ ያረጋግጡ።